ሐኪም ያልሆንኩልሽ ወንድምሽ

ይድረስ ለምወድሽና ለማከብርሽ እህቴ፣ ለእትዬ ተሻለች፤ አሰብ።

እንደምን ከረምሽ እትዬ? ሰውነትሽ እንዴት ነው? የአሰብ ሙቀት እንዴት አድርጎሻል? ክረምቱ እዚያ ከሁሉም የባሰ ነው ሲሉ እሰማለሁና እንቅልፍስ ይወስድሻል ወይ? ባለፈው ያመመኝ ነበር ያልሽው ወገብሽ ተሻለሽ? አብረውሽ የሚኖሩት ልጆች፣ የወደብ ሠራተኞች ክበብ ወጥ ቤት ባልደረቦችሽ፣ ያቺ ሳቂታዋ አሳላፊም ሁሉም ደህና ናቸው ወይ? እንኳን ከዘመን ወደ ዘመን በሰላም አሸጋገረሽ። እኛ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ካንቺ ናፍቆት በቀር ምንም አልጎደለብንም። እማዬ ደህና ናት። የእግሯ ቁስል ደርቋል። ሐኪሙ ባዶ እግርሽን እንዳትወጪ ስላላት፣ ያንን የላክሽላትን የጎማ ጫማ ከጠዋት እስከ ማታ አታወልቀውም። ስኳሯም እንደ አምናው አላስቸገራትም። ይህን የጻፍኩት ላጽናናሽ ብዬ እንዳይመስልሽ፤ እውነት ስለሆነ ነው። ከዚህ በታች ደስ የማይል ነገር ስለምጽፍልሽ፣ የእናታችን ጤና እንዳይመስልሽና እንዳትደነግጪ አስቀድሜ ማሳወቄ ነው።

እትዬ፣ ነገሩን ሳላድበሰብስ ልንገርሽ። ካድበሰበስኩት መጨረሻው ላይ ለመድረስ አቅም የማገኝ አይመስለኝም። ሕክምና አልገባሁም። ነጥቤ አንሶ አይደለም። የማትሪክ ውጤቴ ማማሩን በነሐሴ ጽፌልሽ ነበር፤ የደስታ መልስሽም በከባድ መኪና ሾፌሩ በጋሽ ሽኩር እጅ ደርሶኛል። ጅማ ጤና ሳይንስ ሊያስገባኝ የሚችል ውጤት ነበር። እኔ ግን የምርጫውን ቅጽ ስሞላ አንደኛ አድርጌ የጻፍኩት አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ፣ አራት ኪሎ የሚገኘውን የሳይንስ ፋኩልቲ ነው። የደረሰኝም እሱው ነው። ሂሳብና ስታቲስቲክስ ተምሬ፣ በዚያው ኮምፒውተር የሚባለውን መሣሪያ ማዘዝ ልማር ነው ሐሳቤ። ማንም አላስገደደኝም፣ ማንም አላሳሳተኝም። በገዛ እጄ ነው የሞላሁት።

አንቺ ወደ አሰብ የሄድሽ ዕለት የተናገርኩትን አልረሳሁም። አባባን ወደ አዲስ አበባ ሆስፒታል ስንወስደው ሞጆ ሳንደርስ መንገድ ላይ ካረፈብን ገና ዓመት አልሞላም ነበር። አንቺ የአሥረኛ ክፍል ደብተሮችሽን ለእኔ ሰጥተሽ ጋሽ ሽኩር መኪና ውስጥ ስትገቢ፣ እኔ እርከኑ ላይ ወጥቼ በመስኮቱ እጅሽን ይዤ፣ «አታልቅሺ፤ ሐኪም እሆናለሁ፤ እማዬንም አንቺንም የማክማችሁ እኔ ነኝ» አልኩሽ። ለምነሽኝ አልነበረም። ራሴ ነኝ ያልኩት። አንቺ ግን ያን ቃል ይዘሽ ሄድሽ። ከዚያ ወዲህ የጻፍሽው ደብዳቤ ሁሉ «ለዶክተር ወንድሜ» ብሎ ነው የሚጀምረው። እማዬ ማንበብ ስለማትችል ጮክ ብዬ የማነብላት እኔ ነኝ። ከጥቂት ወራት ወዲህ ያቺን ቃል እየዘለልኩ ማንበብ ጀምሬ ነበር። እማዬ ግን አጀማመርሽን በቃሏ ይዛዋለችና፣ «መጀመሪያ ላይ የምትለውን ረሳኸው እኮ» ትለኛለች። ተመልሼ አነብላታለሁ።

ይህ ሐሳብ ደግሞ ከየት መጣብህ ትይኝ ይሆናል። በሰባ ስድስት ዓመተ ምሕረት ግንቦት ላይ የሕዝብ ቆጠራ ሲደረግ፣ እኛን ተማሪዎቹን ቆጣሪ አድርገው ገጠር እንደላኩን ታስታውሻለሽ። እኔ የደረሰኝ ከቡልቡላ ወጣ ብሎ፣ ወደ አቢጃታ ሐይቅ በኩል ያለ አንድ የገበሬ ማኅበር ነበር። ፀሐዩ አናት ይበሳል። ኦሮምኛዬ የናዝሬት ገበያ ኦሮምኛ ስለሆነ ሲስቁብኝ ይውላሉ፤ ግን «አካም ጅርቱ» ብዬ ከገባሁ እርጎ ሳያቀምሰኝ የሚያወጣኝ ቤት አልነበረም። አንድ ቤት ገብቼ እመቤቲቱን ስለ ልጆቿ እየጠየቅሁ ስጽፍ፣ በሕይወት ያሉትን ከነገረችኝ በኋላ የሞቱትንም በየስማቸው ትጠራልኝ ጀመር። ቅጹ ላይ ለሞቱት ቁጥር እንጂ ስም የሚገባበት ቦታ የለም። ይህንኑ ስነግራት አልተቆጣችም። «ቁጥሩን ወስደህ ለማን ትሰጠዋለህ? ሰውዬውስ ምን ያደርገዋል?» ብላ ጠየቀችኝ። ለመንግሥት ነው አልኳት እንጂ፣ መንግሥት ምን እንደሚያደርገው እኔም አላውቅም ነበር። ከቤቷ ወጥቼ ወደሚቀጥለው ቤት ሄድኩ፤ ጥያቄዋ ግን አብሮኝ ሄደ። ዝናቡም በዚያው ዓመት ቀረ። ያቺ ሴት ያን ቀን በሕይወት አሉ ብላ ከቆጠረችልኝ ውስጥ ዛሬ የትኞቹ እንዳሉ እንጃ።

ተቆጣጣሪያችን ጋሽ ገብረወልድ የሚባሉ የቆጠራው መሥሪያ ቤት ሰው ነበሩ። የሴትየዋን ጥያቄ ባነሳላቸው ሳቁና፣ «አዲስ አበባ የመጣህ ዕለት ብቅ በል፤ መልሱን በዓይንህ አሳይሃለሁ» አሉኝ። ለጨዋታ ያሉት መስሎኝ ነበር። ባለፈው ገና አክስታችን ዘንድ ስሄድ እስቲ ልሞክር ብዬ ቢሯቸው ብቅ አልኩ። ቃላቸውን አላጠፉም። ጫማዬን አስጠርገው አንድ ክፍል አስገቡኝ። ክፍሉ ጥርስ ያንቀጫቅጫል፤ የሚያቀዘቅዙት ለሰው ሳይሆን ለመሣሪያው ነው። ቁም ሳጥን የሚያካክሉ ነገሮች ተደርድረው፣ በላያቸው እንደ ቴፕ ክር የተጠቀለለ ነገር ይሽከረከራል። ጋሽ ገብረወልድ እዚያ የምትሠራዋን ሴት አንድ ነገር አሏት፤ እሷም ተቀምጣ ጥቂት መስመር ጻፈች። ትንሽ ቆይቶ ወረቀት እየተንጣጣ መውጣት ጀመረ። እሳቸው ገልጠው ገልጠው የቡልቡላን አካባቢ በጣታቸው አሳዩኝ። ያቺ እናት የነገረችኝ ሁሉ፣ የሞቱባትም ጭምር፣ ከሌሎች እናቶች ልጆች ጋር ተደምሮ እዚያ መስመር ላይ ነበር። «ልጅ በብዛት የሚሞተው የት እንደሆነ፣ ጤና ጣቢያ የት ቢሠራ እንደሚሻል ከዚህ ማወቅ ይቻላል። የቸገረን መሣሪያውን በወጉ የሚያዝ ሰው ነው» አሉኝ።

እትዬ፣ ከዚያ ክፍል ስወጣ ሌላ ሰው ሆኜ ነው የወጣሁት። ሴትየዋ ምን ብላ ነው የጻፈችው? መሣሪያው እንዴት ነው የገባው? የቡልቡላውን ከዝዋይ፣ የዝዋዩን ከመቂ የሚለየው በምን ነው? ስበላም ስተኛም ይኸው ሆነ ሐሳቤ። ሕዝቤን ልጠቅም ብዬ ነው የመረጥኩት ብልሽ ደስ ይለኝ ነበር። የቀበሌ ስብሰባ ላይ ቢጠይቁኝ እንደዚያ ብዬ ነው የምመልሰው። ላንቺ ግን እንደዚያ አልልም። ደስ ስላለኝ ነው። ደም አይቼ ፈርቼ አይደለም፤ የትምህርቱ ርዝመት አስጨንቆኝም አይደለም። እንዲህ ያለ ምክንያት ቢኖረኝ ይቀለኝ ነበር። አንቺ ደስ ስላለሽ ነው ወይ ከዚያ ምድጃ ፊት የምትውይው? ይህን ሳስብ ነው ራሴን የምጠላው።

የሂሳብ አስተማሪያችን ደግሞ ነገሩን ነግሬያቸው ሌላ ምክር ሰጡኝ። አራት ኪሎ ኮምፒውተር የሚሰጠው ገና በጥቂት ኮርስ እንደሆነ፣ ሶሻሊስት አገሮች ግን ለዚሁ ብቻ የቆመ ኮሌጅ እንዳላቸው፣ ኪየቭ የተማረ ሰውም እንደሚያውቁ ነግረውኝ ለውጭ የትምህርት ዕድል እንዳመለክት ገፋፉኝ። ልቤ ሄዶ ነበር። እማዬን ያንን ሁሉ ዓመት ብቻዋን ትቶ መሄድ ግን አልሆነልኝም። አራት ኪሎ ብሆን ቅዳሜ ቅዳሜ አውቶቡስ ይዤ እመጣለሁ ብዬ ተውኩት። ለእማዬ ስል አንድ ነገር ተውኩ ብዬም ራሴን ለማጽናናት ሞክሬያለሁ። ላንቺ ስል የተውኩት ነገር ግን ስፈልግ አጣሁ።

ቅጹን ሞልቼ ያስረከብኩ ዕለት ከትምህርት ቤት ስመለስ፣ ጎረቤታችን እማማ ዘርፉ የልጅ ልጃቸውን አቅፈው በራችን ላይ ጠበቁኝ። የሕፃኑ ጆሮ መግል ይዟል። «ዶክተርዬ፣ እስቲ እየው» አሉኝ። እማዬ ከጓዳ ሆና፣ «ገና ነው እኮ ዘርፌ! ገና ሊገባ ነው» እያለች ትስቃለች፤ ሳቋ የኩራት ነው። እኔም ጎንበስ ብዬ አየሁለት እትዬ! ምን እንደማይ ሳላውቅ የሕፃኑን ጆሮ ወደ ፀሐይ አዙሬ አየሁና ጤና ጣቢያ ይውሰዱት አልኳቸው። ጤና ጣቢያ ውሰጂው ማለት ማንም ያውቃል። እሳቸው ግን የሰማይ የምድሩን መረቁኝ። 

ምደባው ጳጉሜ ላይ ወጣ። ያን ቀን ለእማዬ ነገርኳት። ከመቂ የመጣላትን ሽንኩርት እየላጠች ነበር። «ኮምፒውተር ማለት ምንድን ነው?» አለችኝ። በቻልኩት መጠን አስረዳኋት። ቢላዋዋን ሳታስቀምጥ አዳመጠችኝና፣ «ታዲያ እሱ ሰው ያድናል?» አለች። ጤና ጣቢያ የት ቢሠራ እንደሚሻል ያሳያል ልላት አሰብኩና አፈርኩ። «አያድንም» አልኳት። ሽንኩርቷን ላጠች፣ ላጠች፤ ከዚያ እንዲህ አለችኝ። «እኔ አንተ ሐኪም ሆንክ አልሆንክ እግሬ ያው እግሬ ነው፣ ዕድሜዬም የፈጣሪ ነው። እሷ ግን ትምህርቷን ጥላ የሄደችው አንተን አምና ነው። ምን ልትላት ነው? እኔ አልነግራትም። አንተው ጻፍላት። ከሌላ ሰው አፍ ከሰማች አዝንብሃለሁ።» አልጮኸችም፣ አልተራገመችም። ከዚያ በኋላ ግን እማማ ዘርፉ ዶክተር ብለው ሲጠሩኝ እማዬ ስቃ አታውቅም። እኔም ዛሬ እጽፋለሁ፣ ነገ እጽፋለሁ እያልኩ ወረቀት አውጥቶ መመለስ ሥራዬ ሆነ።

በዚህ መሐል ነው ጋሽ ሽኩር በእንቁጣጣሽ ማግስት የደረሱት። መኪናቸውን ከነተሳቢው ከዋናው መንገድ ዳር አቁመው የላክሽውን ጥቅል ይዘው ገቡ። ለእማዬ ነጠላውን፣ ለእኔ ያንን ነጭ ቴትሮን። «የጋዋኑ ጨርቅ ነው፤ ሰፊ ዘንድ ሄዶ በልኩ ያሰፋ ብላሃለች» አሉኝ። እማዬ ነጠላዋን እያየች አንገቷን ደፋች። እኔ አመሰግናለሁ አልኩና ሻይ ልቅዳ ብዬ ወደ ጓዳ ገባሁ። ስመለስ ጋሽ ሽኩር ፊታቸው በርቶ፣ «በል እንግዲህ፣ አንተ ከገባህልን ሠርግ መብላታችን ነው» አሉ። የምን ሠርግ ብዬ ብጠይቃቸው ገረማቸው። የክሬን ሠራተኛው ሐዲስ ሽማግሌ እንደላከብሽ፣ አንቺም ሰውየውን እንደምትወጅው፣ ግን «ወንድሜ ሕክምና ትምህርት ቤት ሳይገባ አላገባም፤ ከገባ በኋላ እንነጋገራለን» ብለሽ ሽማግሌዎቹን እንደመለስሻቸው ያኔ ሰማን። እማዬ እጇን አፏ ላይ ጫነች። አንድም ቀን አልጻፍሽልንም እኮ እትዬ።

ይህ አልበቃ ብሎ፣ ልሸኛቸው መኪናው ድረስ ስሄድ ጋሽ ሽኩር ትከሻዬን ያዝ አድርገው ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። በሐምሌ ሙቀት ወጥ ቤቱ ውስጥ ወድቀሽ ተሸክመው እንዳወጡሽ፣ ከዚያም ወዲህ ራስሽን እንደሚያዞርሽ ነገሩኝ። «ለቤተሰቤ እንዳትነግር ብላ አስምላኛለች። አንተ ግን ሐኪም ልትሆን ነው፤ ከሐኪም አይደበቅም ብዬ ነው» አሉ። እትዬ፣ እዚያው መንገድ ዳር ልነግራቸው አፌን ከፍቼ ነበር። ረዳቱ ሞተሩን አስነሳ፣ እሳቸውም ወጡ፣ ሄዱ። ለሐኪም የተነገረ ምሥጢር ተቀብዬ ሐኪም ሳልሆን ቆሜ ቀረሁ።

በማግስቱ አዲስ አበባ ሄድኩ። ለእማዬ የት እንደምሄድ አልነገርኳትም፤ እሷም አልጠየቀችኝም። ምደባ የሚቀይሩበት ቢሮ ደጃፍ ላይ ሰልፉ እስከ ውጭው በር ይደርሳል። ያን ሁሉ ሰዓት ቆሜ የምለውን ስደግም ነበር፦ ተሳስቼ ነው የሞላሁት፣ ሕክምና ነው የምፈልገው። ከፊቴ ጫላ የሚባል የመቂ ልጅ ተሰልፎ ነበር። በጨዋታ መሐል ጅማ ሕክምና እንደደረሰው ነገረኝ። አባቱ ታመው ብቻቸውን ስለሆኑ፣ በየሳምንቱ መቂ እየደረሰ እርሻውን ለማየት አዲስ አበባ መማር ነው የሚፈልገው። አራት ኪሎ ደርሶት ሕክምና የሚፈልግ ሰው ካገኘ ወዲያው እንደሚቀይሩለት ተነግሮታል። እኔ እንደዚያ ነኝ አልኩት። አቀፈኝ። ሰልፉ ውስጥ የነበሩት ሁሉ አጨበጨቡልን።

ተራችን ደርሶ ገባን። ወይዘሮ የሺዓለም የሚባሉ ደግ የቢሮ ሠራተኛ ነበሩ። የሁለታችንንም ወረቀት አገላብጠው አዩና፣ «ልጆቼ፣ ተስማምታችኋል አይደል? ሁለታችሁም እዚህ ጋ ፈርሙ፤ አሁኑኑ አስተካክላችኋለሁ» አሉ። ጫላ ፈረመ። እስክሪብቶውን ሰጠኝ። ያዝኩት። አንቺን አሰብኩ እትዬ፤ በእግዚአብሔር ስም፣ ያን ጊዜ ዓይኔ ላይ የነበርሽው አንቺ ነሽ። ወጥ ቤቱ ውስጥ ስትወድቂ አየሁሽ። ሐዲስ የሚባለውን መልኩን የማላውቀውን ሰው አየሁት። እማዬን ነጠላዋን ይዛ አየኋት። ይህን ሁሉ እያየሁ እጄ አልፈርም አለ። እጄ ነው እምቢ ያለው ብዬ ልሸሽ አልፈልግም፤ እኔ ነኝ። እስክሪብቶውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩና፣ «ይቅርታ፣ ሐሳቤን ለውጫለሁ» አልኩ።

ሴትየዋ መነጽራቸውን አወለቁ። ጫላ መጀመሪያ የምቀልድ መስሎት ሳቀ። እንደማልቀልድ ሲያውቅ፣ «ታዲያ ለምን መጣህ?» አለኝ። ወረቀቴን ከጠረጴዛው ላይ አነሳሁ።  የምንነጋገረውን በሩ ላይ ቆማ ስትሰማ የነበረች ጉዲቱ የምትባል የዝዋይ ልጅ ወደ ውስጥ ሮጣ ገባች። እሷም አራት ኪሎ ሳይንስ ነው የደረሳት፤ የምትመኘው ግን ሕክምናን ነበር። ወዲያው ፈረመች። ጫላ የፈለገውን አገኘ፣ እሷም አገኘች። ስወጣ ተከትላኝ መጥታ እንባዋ እየወረደ ጉንጬን ሳመችኝና፣ «እግዜር ይስጥልኝ ወንድሜ፣ ዕድልህን ለቀቅክልኝ» አለችኝ። የለቀቅኩት ዕድል የእኔ ሳይሆን ያንቺ እንደነበር ከየት ትወቀው?

አውቶቡስ ውስጥ እስከ ናዝሬት ድረስ ያሰብኩትን ልጻፍልሽና ይህን ነገር ላብቃ። መጀመሪያ ቅጹን ስሞላ ሠርግሽን አላውቅም ነበር፣ መውደቅሽን አላውቅም ነበር። ያንን ባላውቅ ነው ብዬ ማመካኘት እችል ነበር። ሁለተኛ ጊዜ ግን ሁሉንም እያወቅሁ፣ በጄ ላይ እያለ፣ ያው የራሴን መረጥኩ። ይህ ከመጀመሪያው ይከብደኛል። ሆኖም ደግሞ እትዬ፣ ሦስተኛ ጊዜ ቢጠይቁኝ ሌላ እላለሁ ብዬ ልምልልሽ አልችልም። ካንቺ ተደብቄ የምኖርበትን ውሸት ከምነግርሽ ይህንን መራራውን እውነት ብነግርሽ ይሻላል ብዬ ነው።

አሁን የምለምንሽን ስሚኝ። ይቅርታ አድርጊልኝ አልልሽም፤ እሱ በጊዜው የሚሆን ነገር ነው። የምለምንሽ በእኔ የተነሣ አንድ ቀን እንኳ እንዳትጠብቂ ነው። ሐዲስን የምትወጅው ከሆነ አግቢ። የእኔ መግባት ላይ ያሰርሽውን ነገር ፍቺው። ይህን ስል ደግሞ አንቺ ካገባሽ ሸክሜ ይቀለኛል ብዬ እያሰብኩ እንደሆነ አውቃለሁ፤ ይህንንም አልደብቅሽም። ሁለተኛ፣ ስለ ራስ ማዞርሽ እዚያው እውነተኛ ሐኪም ዘንድ ቀርበሽ ታዪ፤ ነገ ዛሬ አትበይ። ጋሽ ሽኩርንም እንዳትቆጪያቸው፤ ክፉ አስበው አይደለም የነገሩኝ። ሦስተኛ፣ አሰብ ከበቃሽ ወደ ቤትሽ ነይ። እኔ ማታ ማታ በክፍያ ሂሳብ የማስጠናቸው ልጆች አዲስ አበባ እንደማገኝ ጋሽ ገብረወልድ ተስፋ ሰጥተውኛል። እማዬን በሳምንቱ መሐል እማማ ዘርፉ ያዩልኛል፤ ለእሳቸውም እውነቱን ነግሬያቸዋለሁ። እሳቸውም፣ «ታዲያ ለጆሮው ጤና ጣቢያ ይውሰዱት ያልከኝ ልክ ነበር እኮ፣ ድኗል» አሉኝ። ነጩን ጨርቅ አልነካሁትም። ሳጥንሽ ውስጥ እንደተጣጠፈ ነው።

ምዝገባችን ጥቅምት መግቢያ ላይ ነው። ከዚያ በፊት አሰብ እመጣለሁ። ቀበሌ የይለፍ ወረቀት ጠይቄ ሊቀመንበሩ ሰጥቶኛል፤ ጋሽ ሽኩርም በሚቀጥለው ጉዟቸው ሊያሳፍሩኝ ተስማምተዋል። ይህን ደብዳቤ ግን ነገ ጠዋት በሚነሣው በባልደረባቸው በመሐመድዘይን በኩል አስቀድሜ የምልከው አውቄ ነው። ድንገት በርሽ ላይ ቆሜ ብታገኚኝ፣ አንቅ አድርገሽ ይዘሽኝ ታለቅሺና ንዴትሽን ውጠሽ «ምንም አይደለም» ትይኛለሽ። አውቅሻለሁ። አባባ ሲሞትም እንደዚያው ነው ያደረግሽው፤ ሁላችንንም አጽናንተሽ የራስሽን ዋጥሽው። አሁን እንደዚያ እንድታደርጊ አልፈልግም። እስክደርስ ጊዜ አለሽ። ተቆጪ እትዬ። ለጓደኞችሽ ክሰሺኝ፣ ስሜን እየጠራሽ አማርሪኝ፣ የምትይኝን ሁሉ አሰናጂና ጠብቂኝ። ስመጣ አልከራከርሽም። ተናግረሽ እስክትጨርሺ ቆሜ እሰማሻለሁ።

በመጨረሻም ሰላምታዬን ለቤትሽ ሰው ሁሉ አድርሺልኝ። አብረውሽ ለሚኖሩት ልጆች፣ ለወጥ ቤት ባልደረቦችሽ፣ ለሳቂታዋ አሳላፊ። ለሐዲስም፣ ባላውቀውም፣ የወንድም ሰላምታ በይልኝ፤ በእኔ ምክንያት ሽማግሌዎቹ ባዶ እጃቸውን መመለሳቸውን ካወቀ በእኔም ይፍረድ። እማማ ዘርፉና የልጅ ልጃቸው በብርቱ ሰላም ይሉሻል። አክስታችንም ሰላም ብላሻለች። እማዬ ይህን ሁሉ አንብብልኝ ብላ ከላይ እስከ ታች አንብቤላታለሁ፤ የቢሮውንም ነገር የሰማችው ዛሬ ነው። ከዚያ እንዲህ ብለህ ጨምርልኝ አለች፦ «ልጄ ተሻለች፣ እሱን እንደፈለግሽ አድርጊው፤ የሁለታችሁ ጉዳይ ነው። ሽማግሌዎቹን ግን ናዝሬት ላኪያቸው። ሴት ልጄን የሚጠይቁኝ እኔን ነው። እኔ ደግሞ እሺ ብያለሁ።»

ታናሽ ወንድምሽ ዘገዬ

ናዝሬት፣ መስከረም ፲፪ ቀን ፲፱፻፸፰ ዓ.ም.